ውኃው አይደፋም

(በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል፣ ከጽድ ጥላ ሥር። አጎት ዕድሜያቸውን በውኃ ማጣሪያ ቤተ ሙከራ ያሳለፉ ጡረተኛ ኬሚስት ናቸው። የእህታቸው ልጅ እዚያው ጉለሌ በምታስተዳድረው የእንግዳ ማረፊያ ግቢ ውስጥ መዋኛ ገንዳ አሠርታ ገና ማስሞላቷ ነው። ከገንዳው የቀዳችውን ውኃ በሃይላንድ ይዛ መጥታለች።)

ልጅ፦ ጋሼ፣ ይኸው እንዳሉኝ ማታ ቀድቼ፣ አፉ ድረስ ሞልቼ፣ ከድኜ አሳደርኩት።

አጎት፦ ከየት በኩል ቀዳሽው?

ልጅ፦ ከመሐል፣ እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ።

አጎት፦ ጎበዝ። ከላይ የሚቀዳ ውኃ አቧራና ቅጠል ያረፈበት ስለሆነ የገንዳውን እውነተኛ ሁኔታ አያሳይም። ፓምፑ ውኃውን ከሚመልስበት አፍ አጠገብም አይቀዳም። እስቲ ስጪኝ፤ ሳትነቀንቂው። ታች የሰፈረውን ቡናማ ነገር አየሽው?

ልጅ፦ እሱ ነው ያስደነገጠኝ። ቦቴው ያመጣው የጉድጓድ ውኃ ሲገለበጥ ኩልል ያለ ነበር። ክሎሪን የጨመርንበት ዕለት ማታ ግን ገንዳው በሙሉ ቀላ። ጽዳት የሚሠራልን ልጅ «ውኃው ተበላሽቷል፣ ይደፋና እንደ አዲስ ይሞላ» አለኝ። ሌላ ቦቴ ላዝዝ ነበር።

አጎት፦ የገንዳው ስፋት ስንት ነው?

ልጅ፦ 8 ሜትር በ4። ጥልቀቱ በአማካይ አንድ ሜትር ተኩል።

አጎት፦ 48 ሜትር ኪዩብ ነው፤ 48 ሺህ ሊትር። በ20 ሊትር ጀሪካን ስታሰቢው 2,400 ጀሪካን ይወጣዋል። አንድ ሰው በቀን ለመጠጥ፣ ለምግብና እጁን ለመታጠብ ቢያንስ 20 ሊትር ገደማ ያስፈልገዋል ይባላል። ስለዚህ ልትደፊው የተነሣሽው የ2,400 ሰው የአንድ ቀን ውኃ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ ቧንቧው ሌሊት ሲንፏቀቅ ሰምታ ሮቶ ለመሙላት የምትነሣ ጎረቤት ባለችበት ሰፈር፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ገንዳ መሥራትሽን አልነቅፍም፤ እንግዳ ያመጣልሻል፣ የሰፈር ልጅም ዋና ይማርበታል። አንዴ የሞላሽውን ውኃ ግን ጠብቀሽ ማቆየት ግዴታሽ ነው። የሚጠበቀው ደግሞ በመለካት ነው።

ልጅ፦ ታዲያ ካልተበላሸ ለምን ቀላ?

አጎት፦ ብረት ስላለበት ነው። የጉድጓድ ውኃ ከመሬት ውስጥ ሲወጣ የሟሟ ብረትና ማንጋኒዝ ሊይዝ ይችላል። እታች ኦክስጅን ስለማያገኘው ብረቱ እንደሟሟ ይቆያል፤ ለዓይን አይታይም። ክሎሪን ሲነካው ግን ወዲያው ዝገት ይሆናል። ማንጋኒዝ ቢሆን ኖሮ ወደ ጥቁር ያደላ ነበር። እንግዲህ ክሎሪኑ ውኃውን አላበላሸውም፤ ውስጡ የነበረውን ነው ያወጣው። ያንኑ የጉድጓድ ውኃ እንደገና ብታስገለብጪ ያንኑ ቀለም ታገኚያለሽ።

ልጅ፦ እንዴት ይወጣል ታዲያ?

አጎት፦ ፓምፑ ሌትና ቀን ይሥራ። አሸዋ ፊልተሩ ዝገቱን ቀስ በቀስ ይይዝልሻል። የግፊት መለኪያው ከንጹሑ ጊዜ ከፍ ሲል ባክዋሽ አድርጊ፤ ውኃውን በተቃራኒ አዙረሽ ፊልተሩን እጠቢው ማለቴ ነው። ታች የሰፈረውን ሳትበጠብጪ በመምጠጫው አውጪው። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ቀናት ይፈጃል። ወደፊት ደግሞ ቦቴው ሳይገለብጥ ከውኃው በነጭ ባልዲ ቅጂና ጥቂት በረኪና ጠብ አድርገሽ እስኪነጋ አስቀምጪው። ቀልቶ ካደረ፣ ብረት እንዳለበት ገንዳሽ ውስጥ ሳይገባ አወቅሽ ማለት ነው።

ልጅ፦ ይህን ማንም አልነገረኝም።

አጎት፦ ገና ዋናው አልተነገረሽም። ያቺን ሳጥን አቀብዪኝ።

(ከሳጥኑ ሁለት ቀጫጭን የብርጭቆ ቱቦዎችና አራት ትናንሽ ጠርሙሶች ያወጣሉ። ከሃይላንዱ የላይኛውን ጥሩ ውኃ ብቻ ወደ ቱቦው ያንቆረቁራሉ፤ ከዚያም ፊኖል ሬድ የሚባለውን ፈሳሽ አምስት ጊዜ ጠብ ያደርጉበታል። ከድነው ሁለት ጊዜ ገልበጥ መለስ ካደረጉት በኋላ ነጭ ወረቀት ከበስተጀርባው ይይዛሉ።)

አጎት፦ ምን ዓይነት ቀለም ይታይሻል?

ልጅ፦ ቀይ። ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ።

አጎት፦ ከሠንጠረዡ ጋር አስተያዪው። 8.2 ላይ ነው፤ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ ሠንጠረዡ እዚያ ላይ ስለሚያልቅ። ቢጫ ቢሆን ኖሮ አሲድ በዝቶበታል እልሽ ነበር። ለመዋኛ የምንፈልገው ከ7.2 እስከ 7.6 ነው፤ ብርቱካናማ ቀይ። ፒኤች ማለት ይህ ነው። ልኬቱን እ.ኤ.አ. በ1909 ያወጣው ሶረንሰን የሚባል የዴንማርክ ኬሚስት ነው፤ የሚሠራውም በቢራ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ነበር። አንድ ቁጥር ወደ ላይ ስትወጪ ለውጡ አሥር እጥፍ ነው። ስለዚህ 8.2 ከ7.2 «ትንሽ ከፍ ያለ» አይደለም።

ልጅ፦ ከፍ ቢል ጉዳቱ ምንድን ነው? ክሎሪኑ እያለ?

አጎት፦ ክሎሪኑ አለ ማለት ይሠራል ማለት አይደለም። ክሎሪን ውኃ ውስጥ ሲገባ ሁለት መልክ ይይዛል። አንደኛው ጀርም የሚገድለው፣ ሁለተኛው እጅግ ደካማው ነው። ማን እንደሚበዛ የሚወስነው ፒኤቹ ነው። 7.5 ላይ ግማሽ በግማሽ ናቸው። 8 ላይ ብርቱው ወደ ሩብ ይወርዳል። 8.5 ላይ ከአሥር አንድ እንኳ አይሞላም። የአንቺ ውኃ ላይ የክሎሪን ዱቄት ብትጨምሪበት፣ ብትጨምሪበት፣ ገንዘብሽን ነው የምትበትኚው። ደግሞም ያ ዱቄት ካልሲየም ሃይፖክሎራይት ከሆነ ራሱ ፒኤቹን ወደ ላይ ይገፋዋል።

ልጅ፦ ግን እኔ ፒኤች የሚያወጣ ነገር አልጨመርኩም። ከየት መጣ?

አጎት፦ ከገንዳው ግድግዳ። ሴራሚኩ መቼ ተለጠፈ?

ልጅ፦ ከመሞላቱ ብዙም ሳይቆይ። ቦያካው እንደደረቀ ነው ውኃ ያስገባነው።

አጎት፦ እንግዲህ ልስኑም ቦያካውም ሲሚንቶ ነው። አዲስ ሲሚንቶ ኖራውን ለውኃው ሲለቅ ሳምንታት ይቆያል። ዛሬ ታስተካክዪዋለሽ፣ ከነገ ወዲያ ተመልሶ ይወጣል። አዲስ ገንዳ የሚያደክመው ለዚህ ነው፤ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ «ውኃው እምቢ አለ» የሚለውም በዚህ ጊዜ ነው። እምቢ አላለም። ሲሚንቶው እስኪረጋ በየዕለቱ መለካት፣ በየጊዜው ጥቂት አሲድ መስጠት ነው። አሁን ሁለተኛውን ልኬት፣ አልካላይኒቲን እንይ፤ ጠብታውን አንቺ ቁጠሪ።

(ሰፋ ባለው ቱቦ 25 ሚሊ ሊትር ይለካሉ። ጠቋሚውን ሲጨምሩበት ውኃው አረንጓዴ ይሆናል። ልጅቷ አሲዱን በአንድ እጇ እያንጠባጠበች በሌላው ቱቦውን ታዞራለች። እስከ አሥራ ሦስተኛው ድረስ አረንጓዴ ነው። በአሥራ አራተኛው ደብዘዝ ይላል። በአሥራ አምስተኛው ድንገት ይቀላል።)

ልጅ፦ አሥራ አምስት!

አጎት፦ አንዱ ጠብታ በሊትር 10 ሚሊግራም ነው። ስለዚህ አልካላይኒቲሽ 150። አየሽ፣ እስከ አሥራ ሦስት ጠብታ አሲድ ሲገባበት ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። አልካላይኒቲ በጠበኞች መሐል እንደሚቀመጥ ሽማግሌ ነው፤ አሲድ ሲመጣ ይቀበለዋል፣ ፒኤቹ እንዳይደናበር ያደርጋል። ከ80 እስከ 120 ቢሆን ደስ ይለኛል። 150 ትንሽ ይበዛል፤ ግን አያሠጋም። አሲዱ ፒኤቹን ሲያወርድ እሱንም አብሮ እየሸራረፈ ይወስደዋል።

ልጅ፦ ምን ያህል አሲድ?

አጎት፦ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ 30 በመቶ ገደማ ጥንካሬ ያለው ከሆነ፣ ለ48 ሜትር ኪዩብ በዚህ ልኬት ከአንድ ሊትር ብዙም አይበልጥም። ግን አንዴ አትጨምሪው። በግማሽ ሊትር ጀምሪ። ፓምፑ እየሠራ፣ በባልዲ ውኃ ላይ አሲዱን ጨምረሽ፣ በገንዳው ጥልቅ በኩል ቀስ ብለሽ አፍሺው። ሁልጊዜ አሲድ ወደ ውኃ፤ ውኃ ወደ አሲድ በፍጹም። ጓንትና መነጽር አድርጊ፤ ነፋሱን ከኋላሽ አድርጊው። ከአራት ሰዓት በኋላ ለኪና የቀረውን ወስኚ። አንድ ነገር ደግሞ አስምሪበት፦ አሲድና በረኪና፣ ወይም አሲድና የክሎሪን ዱቄት፣ በአንድ ባልዲ አይገናኙ፤ በአንድ መደርደሪያም አይቀመጡ። የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። የክሎሪን ኪኒንና የክሎሪን ዱቄትም ቢሆኑ አይደባለቁ፤ እሳት ይነሣል።

ልጅ፦ ጎረቤታችን ያለችው ሴትዮ ግን ተቃራኒውን ነው የነገረችኝ። ለእሷ ገንዳ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩ ተብላ ነበር።

አጎት፦ ውኃዋን ከየት አስሞላች?

ልጅ፦ ከቧንቧ፤ በየፈረቃው እያጠራቀመች።

አጎት፦ ትክክል ነዋ! አዲስ አበባ አንድ ውኃ ብቻ የላትም። ፍልውኃን ውሰጂ፦ እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም ከእንጦጦ ወርደው ከተማዋን የመሠረቱበት ሙቅ ምንጭ በሶዲየም ባይካርቦኔት የከበረ ነው፤ አልካላይኒቲው የትየለሌ ነው። ገፈርሳና ለገዳዲ ደግሞ የዝናብና የወንዝ ውኃ የሚጠራቀምባቸው ግድቦች ናቸው፤ ማዕድናቸው አነስተኛ፣ ውኃቸው ለስላሳ። ማጣሪያው ጭቃውን ለማርጋት አሉም ይጨምርበታል፤ አሉሙ ደግሞ ከነበረው አልካላይኒቲ ላይ ይበላል። የአቃቂ ጉድጓዶች ከባዛልት ድንጋይ ውስጥ የሚወጡ ናቸው፤ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ባይካርቦኔት ይዘው ይመጣሉ። አንድ ሰፈር ዛሬ የግድቡን፣ ነገ የጉድጓዱን ሊጠጣ ይችላል። ስለዚህ የጎረቤት ማዘዣ ለአንቺ አይሆንም።

ልጅ፦ ለስላሳ ውኃ ለገንዳ ጥሩ ይመስለኝ ነበር።

አጎት፦ ለፀጉር ጥሩ ነው። ለቦያካ ግን አይደለም። ካልሲየም የጎደለው ውኃ ካልሲየሙን ከሲሚንቶው ላይ ይወስዳል፤ ቦያካው እያደር ይሸረሸራል፣ ሴራሚኩ ይላቀቃል። በተቃራኒው ካልሲየም በዝቶ ፒኤቹም ከፍ ካለ ውኃው እንደ ወተት ይደፈርስና ነጭ ቅርፊት ይጋግራል። የትኛው እንደሚሆን ለማወቅ ፒኤቹን፣ አልካላይኒቲውን፣ ካልሲየሙንና ሙቀቱን አንድ ላይ ማስላት ይቻላል፤ ላንግሊየር የሚባል አሜሪካዊ ቀመሩን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1936 ለቧንቧ ብሎ ነው። ለገንዳ ካልሲየሙ ከ200 እስከ 400 ቢሆን በቂ ነው። የጎረቤትሽ አልካላይኒቲ 40 ቢሆንና 80 ልታደርሰው ብትፈልግ፣ የአንቺን በሚያህል ገንዳ ሦስት ኪሎ ከሩብ ገደማ ቤኪንግ ሶዳ ይበቃታል። ቤኪንግ ፓውደር እንዳትገዛ ግን ንገሪያት፤ እሱ ዱቄትና አሲድ የተቀላቀለበት የዳቦ ነገር ነው።

ልጅ፦ እሺ፣ ፒኤቹ ተስተካከለ እንበል። ክሎሪኑስ?

አጎት፦ እሱን እዚህ ሃይላንድ ውስጥ አልለካውም፤ ሲያድር ይጠፋል። ገንዳው ዳር ቆመሽ፣ ቀድተሽ ወዲያው ነው የሚለካው። በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም ይኑርሽ። የዱቄቱ ጥንካሬ 65 በመቶ ከሆነ 150 ግራም ገደማ በአንቺ ገንዳ 2 ሚሊግራም ይሰጥሻል፤ ብረቱና ቆሻሻው የሚበላው ሳይቆጠር። የምትጨምሪው ማታ ነው።

ልጅ፦ ማታ ለምን?

አጎት፦ ቀና ብለሽ ፀሐይዋን እያት። የተቀመጥነው ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፣ ያውም ለምድር ወገብ ቀርበን። እዚህ ከፍታ ላይ የሚደርሰው አልትራቫዮሌት ከቆላው ይበረታል። ጥላ በሌለው ገንዳ ውስጥ ብቻውን የገባ ክሎሪን በጠራራ ፀሐይ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ግማሹ ይጠፋል። ጠዋት ጨምረሽ ከሰዓት ብትለኪው ባዶ ነው። ለዚህ ስታብላይዘር አለ፤ ሲያኑሪክ አሲድ ይባላል። ክሎሪኑን ይዞ ከፀሐይ ይጋርደዋል። ለገንዳሽ አንድ ኪሎ ተኩል ቢገባ 30 ሚሊግራም ይሆናል፤ እሱ ይበቃል። እሱ ከገባ በኋላ ክሎሪኑን ከ2 በታች አታውርጂው።

ልጅ፦ ጽዳት የሚሠራልን ልጅ ግን ሁሉን ነገር በኪኒን ነው የሚሠራው። ተንሳፋፊው ውስጥ ይከትና ይሄዳል።

አጎት፦ ኪኒኑ ስታብላይዘሩን በውስጡ ይዟል። 10 ሚሊግራም ክሎሪን በሰጠሽ ቁጥር 6 ሚሊግራም ሲያኑሪክ አሲድ ይተውልሻል። ክሎሪኑ ያልቃል፤ አሲዱ ግን አይተንም፣ አይጣራም፣ ይከማቻል። ከ100 ሲያልፍ ክሎሪኑን አጥብቆ ይይዘውና ሥራ ያስፈታዋል። ያኔ እውነትም ውኃ መቀነስ ግድ ይሆናል። ስለዚህ ኪኒኑን ጉዞ ስትሄጂ ተጠቀሚበት እንጂ የዕለት ቀለብ አታድርጊው። ልኬት የማይወድ ሰው ኪኒን ይወዳል፤ ውኃ የሚያስደፋውም እሱ ነው።

ልጅ፦ አንድ ሆቴል ስዋኝ ዓይኔ ቀልቶ፣ ሽታው አፍንጫዬን ሰንጎኝ ያውቃል። ክሎሪን አበዙት አልኩ።

አጎት፦ ሁሉም ሰው እንዲህ ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒው ነው። ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን ይሆናል፤ የሚሸተውና ዓይን የሚያቃጥለው እሱ ነው። ንጹሕ ገንዳ ብዙም አይሸትም። መድኃኒቱ ክሎሪኑን አንዴ ጠንከር አድርጎ ጨምሮ ክሎራሚኑን ማቃጠል ነው፤ ማታ፣ ሰው ሳይኖር። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከመግባታቸው በፊት ገላቸውን እንዲለቀለቁ ማድረግ ነው። ሻወሩን ከገንዳው በር ላይ አድርጊው።

ልጅ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይህ ሁሉ ኬሚካል ከሚገባ፣ እዚህ ማዕከል ውስጥ ያለው ዕፅ ሁሉ ለአንድ ነገር ይጠቅማል ይባላል። በዕፅ አይሆንም?

አጎት፦ ጥያቄሽ ጥሩ ነው። የሽፈራው ፍሬ ተወቅጦ ደፍራሽ ውኃ ያጠራል፤ ይህ የተረጋገጠ ነገር ነው፣ ጭቃውን ሰብስቦ ያሰፍረዋል። ጀርሙን በሙሉ ግን አይገድልም፤ ፍሬው ራሱም ውኃ ውስጥ ሲቆይ ለጀርም ምግብ ይሆናል። እንዶድን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አይተው ነው ለቢልሃርዚያ መከላከያ እንደሚሆን የደረሱበት። ትልቅ ግኝት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር አግኝተውበታል። ግን ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ዓሣም ይገድላል፤ ልጆች አፋቸውን ከፍተው በሚንቦጫረቁበት ገንዳ ውስጥ አይገባም። ዕፅን ማክበር ማለት ሁሉን ነገር በዕፅ መሥራት አይደለም። ዕፁን ከሚጎዳው ነገር መጠበቅም ነው። ወደዚህ ልመጣ ነበር።

ልጅ፦ ምን ሊሉኝ ነው?

አጎት፦ ብትደፊው ወዴት ይሄድ ነበር?

ልጅ፦ ከግቢያችን ጀርባ ወዳለው ፈፋ።

አጎት፦ እንጦጦ የውኃ መክፈያ ነው። በሰሜን ጀርባው የዘነበው ወደ ዓባይ፣ በዚህ በደቡቡ የዘነበው ወደ አቃቂ ወርዶ አዋሽ ይገባል። ይህን 705 ሄክታር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ለዕፅዋት ማዕከልነት ሲይዙት ዋናው ነገር የአገር በቀሉን ዛፍ መልሶ ማምጣት ነበር፤ ጽዱን፣ ወይራውን፣ ኮሶውን፣ ጥቁር እንጨቱን። ዛፉ ዝናቡን ይዞ ወደ መሬት ያሰርገዋል፤ ጅረቱም በበጋ እንዲዘልቅ ያግዛል። እዚያ ጅረት ውስጥ ለሚኖር ፍጥረት ክሎሪን በሊትር ከአንድ ሚሊግራም እጅግ ያነሰው እንኳ መርዝ ነው። 48 ሺህ ሊትር በአንድ ሌሊት ስትለቂበት ምን እንደሚሆን አስቢው።

ልጅ፦ ክረምት ሲመጣ ግን ሞልቶ ማፍሰሱ አይቀርም።

አጎት፦ አይቀርም። የዝናብ ውኃ አልካላይኒቲ የለውም፤ ሲሞላብሽ ልኬቱ ሁሉ ይወርዳል። ዝናብ በበረታበት ሰሞን አዘውትረሽ ለኪ። ውኃ ማውጣት ሲኖርብሽ ክሎሪን መጨመር አቁሚና በፀሐይ ዜሮ እስኪደርስ ጠብቂ፤ ስታብላይዘር ካለው ቀናት ይወስዳል። ፒኤቹ ወደ 7 ይጠጋ። ከዚያ በጎማ ቀስ እያልሽ ሣር ላይ አጠጪው፤ ችግኝ ላይ አይሁን፣ ጨው ስላለው። የባክዋሹንም ውኃ እንደዚሁ። ወደ ፈፋው ግን ምንም አይሂድ።

ልጅ፦ እንግዲህ ቅደም ተከተሉን ልያዘው። መጀመሪያ ዝገቱን ማጣራት። ቀጥሎ አልካላይኒቲና ፒኤች። ክሎሪን መጨረሻ።

አጎት፦ እንደዚያ ነው። ደብተር ግዢና ቀኑን፣ ፒኤቹን፣ አልካላይኒቲውን፣ ክሎሪኑን፣ የጨመርሽውን ጻፊ። ፒኤቹ ከ7.6 ሳያልፍ መቆየት ሲጀምር ሲሚንቶው ረጋ ማለት ነው፤ ያኔ በሳምንት ሁለት ጊዜ ብትለኪ ይበቃሻል። እስከዚያ እንግዳ አታስገቢ።

ልጅ፦ ለገንዳው ያን ያህል ገንዘብ ከፍዬ ስረከብ አንድ ሰው እንኳ ይህን ቢነግረኝ ምን ነበረበት? ሴራሚኩን አሳዩኝ፣ መብራቱን አሳዩኝ፣ ፓምፑን አስነሥተው አሳዩኝ፣ ሄዱ።

አጎት፦ የከተማችን የገንዳ ሥራ ጉድለት ይኸው ነው። ግንበኛው ግንብ ያስረክባል፣ ነጋዴው ዱቄት ይሸጣል፣ ውኃውን የሚያስረክብ ግን የለም። በዚህ መሐል የሚደፋው የሁላችንም ውኃ ነው። ገንዳ የምትሠሩ ሰዎች ሆይ፣ ቁልፉን ስታስረክቡ መለኪያውን አብራችሁ አስረክቡ፤ ባለቤቱም የመጀመሪያውን ልኬት በእጁ ለክቶ ሳያይ አይፈርምላችሁ።